በግቢያችን በር ምን ይገባል፣ ምንስ ይወጣል?

አዲስ አበባን ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ አረንጓዴ የመሆን ጉጉት ይዟታል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው አረንጓዴ አሻራ ችግኝ መትከልን የክረምት ልማድ አደረገው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ሲመጣ ጓሮ ውስጥ ጎመን መትከልና ዶሮ ማርባት የብዙ ሰው ወሬ ሆነ። የኮሪደር ልማቱ ደግሞ የመንገዱን ዳርና መሀል በሣርና በአበባ ሞላው። ይህን ሲያይ የሚውል ሰው ቤቱ ሲገባ የራሱንም ግቢ እንደዚያ ማድረግ ቢያምረው አይገርምም።

ደግ ነገር ነው። ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሳ እየታለፈ ነው። ግቢው የለመለመው ከየት በመጣ ነገር ነው?

የአንድን ግቢ አትክልት ስመዝን መጀመሪያ የማስበው በሩን ነው። በዚህ በር ምን ይገባል? ምንስ ይወጣል? የቧንቧ ውኃ፣ ከጫካ የተዛቀ አፈር፣ ማዳበሪያና መርዝ የሚገባበት፣ ጎርፍ፣ የኩሽና ቆሻሻና የቅጠል ጭስ የሚወጣበት ግቢ አለ። ያ ግቢ የቱንም ያህል ቢያምር የሚያምረው ከሌላ ቦታ ወስዶ ነው። ጉዳቱንም ለሌላ ሰፈር ልኮ ነው። የሚገባውና የሚወጣው ያነሰበት ግቢ ግን ጎመን ብቻ የበቀለበት ቢሆን እንኳ ከተማዋን ይጠቅማል።

ከውኃው ልጀምር፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነውና። አዲስ አበባ የምትጠጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂና ከሌሎች አካባቢዎች ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ለሁሉም ስለማይበቃ በፈረቃ ይለቀቃል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ፣ ያውም ሌሊት፣ ተራ የሚደርሰው ሰፈር አለ። ውኃው በኬሚካል ታክሞ፣ በኤሌክትሪክ ተገፍቶ ነው ቤታችን የሚደርሰው። በጥር ጠራራ ሣር ላይ የምንረጨው ይህንኑ ውኃ ነው።

ግፊት ባለው ቧንቧ ላይ የተገጠመ ተራ የግቢ ጎማ በደቂቃ 10 ሊትር በቀላሉ ያፈሳል። ግማሽ ሰዓት ካጠጣችሁ 300 ሊትር ሄደ። 15 ጀሪካን ማለት ነው። ውኃ በጀሪካን ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ብዙውን የሚጠጣው ደግሞ ሣሩ ነው። አጭር ተደርጎ የሚታጨድ ሣር ሥሩም አጭር ይሆናል። የላይኛው አፈር በደረቀ ቁጥር ይጠማል። ሣር ይነቀል እያልኩ አይደለም። ልጆች የሚሯሯጡበት፣ በዓል ሲሆን እንግዳ የሚቀመጥበት ሣር ቦታ አለው። ማንም የማይረግጠው፣ ለዓይን ብቻ የተተከለው ግን ቢቀንስ የሚጎዳ ሰው የለም። የቀረውም ቢሆን በበጋ ይገርጣ። ሰርዶን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ መጋቢት ላይ የሞተ መስሎ ሰንብቶ አንድ ሁለት ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል። ሣር በበጋ አረንጓዴ ካልሆነ ግቢው ተጥሏል የሚለው አስተሳሰብ ነው ውኃ የሚያስጨርሰን።

አሁን ደግሞ ወደ ጣሪያው ቀና እንበል። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ከ1,100 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ በዓመት 110 ሺህ ሊትር ይወርዳል። በትነትና በመፍሰስ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 88 ሺህ ሊትር ይቀራል። 10 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ የሐምሌ ከሰዓት ብቻውን 800 ሊትር ይሰጣል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው ቤት ከአሸንዳው ወርዶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ በበሩ ሥር ወደ መንገድ ይወጣል። እኛ ደግሞ ጥር ላይ ፈረቃ እንጠብቃለን።

መፍትሔው ሮቶ መግዛት ነው ይባላል። ሮቶ ይጠቅማል፤ ግን ሒሳቡን እንየው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ መስከረም መጨረሻ ላይ ቢዘጋ፣ በቀን ሁለት ጀሪካን ሲወጣለት በ50 ቀን ያልቃል። ኅዳርን አያልፍም። የበጋው ግማሽ ገና ከፊት አለ። ትልቁ ሮቶ አፈሩ ራሱ ነው። ብስባሽ የበዛበት ልል አፈር የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል። የተረገጠ ባዶ መሬት ግን ዝናቡን ከላይ አንሸራትቶ ይሸኘዋል፤ የገባውንም ፀሐይ መልሳ ትወስደዋለች።

ስለዚህ በጣም ርካሹና በጣም የተዘነጋው ሥራ አፈርን ማልበስ ነው። ግብርና ባለሙያዎች ጉዝጓዝ ይሉታል። የታጨደ ሣር፣ የደረቀ ቅጠል፣ ገለባ፣ ያገኛችሁትን ሁሉ ከአትክልቱ ሥር አራት አምስት ጣት በሚሆን ውፍረት መዘርጋት ነው። ግንዱን ብቻ አያስነኩት፤ ያበሰብሰዋል። እንዲህ የለበሰ መደብ በበጋ በየቀኑ መጠጣት አያስፈልገውም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠለቅ አድርጎ፣ በጠዋት ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ፣ ሥሩ ላይ ማጠጣት ለብዙ አትክልት ይበቃል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚረጭ ሰው ሥሩ ወደ ላይ እንዲቀር ያስተምረዋል።

ከአሸንዳው የሚተርፈውንም ውኃ ወደ በሩ ከመሸኘት ፍራፍሬ ዛፍ አጠገብ ወደተቆፈረና ድንጋይ ወደተሞላ ጉድጓድ መምራት ይቻላል። ከቤቱ መሠረት ግን ይራቅ። በተለይ ቦሌና አቃቂ አካባቢ ዋልካ አፈር ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳንም አብሮ ይሰነጥቃል። ሮቶውና በርሜሉ ደግሞ ሁልጊዜ ይከደን። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ነው።

የኩሽና ውኃስ? የጎመን፣ የድንችና የሩዝ እጣቢ ያለ ምንም ስጋት አትክልት ላይ መፍሰስ ይችላል። የልብስ እጣቢ ሌላ ነገር ነው። የዱቄት ሳሙናው ጨው እየተጠራቀመ አፈሩን ያደድረዋል፤ በረኪና ያለበት ደግሞ በአፈሩ ውስጥ ያሉትን ነፍሳት ይገድላል። የመጨረሻው ማጠቢያ፣ ሳሙናው የቀነሰው፣ ለዛፍ ሥር ቢውል ያስኬዳል። ለቆስጣና ለሰላጣ ግን አይሁን።

ስለ ሲሚንቶ በአጭሩ ልናገር፤ ብዙ የሚያከራክር አይደለም። ጭቃን ለመሸሽ ግቢውን ሙሉ በሙሉ ማስለሰን ወይም ሴራሚክ ማንጠፍ ተለምዷል። እያንዳንዱ እንዲህ የተለበጠ ግቢ ዝናቡን ለጎረቤትና ለመንገዱ ያስተላልፋል። የከተማዋ የክረምት ጎርፍ ምንጩ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ይህ ነው። መኪና የሚቆምበትንና ሰው የሚሄድበትን ብቻ መሸፈን ይበቃል። ለእሱም መሀሉ በአሸዋ የተሞላ ኮብልስቶን ከሊሾ ይሻላል፤ ውኃ ያሳልፋል። ሰሞኑን የመጣው ሰው ሠራሽ ሣር ደግሞ ጭራሽ አትክልት ውስጥ መቆጠር የለበትም። ፀሐይ ላይ ይግላል፣ እያረጀ ሲሄድ ፕላስቲኩን አፈሩ ውስጥ ያራግፋል፣ ሥሩ ያለውንም ነፍስ ያፍናል።

ወደ አፈር እንሂድ። መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ሰዎችን አፈር ብትጠይቁ ከሚያቀርቡላችሁ አንዱ የጫካ አፈር ነው። ጥቁር፣ ልል፣ ቅጠል ቅጠል የሚሸት። ማንም ይወደዋል። ግን ስሙ እንደሚነግረን ከዛፎች ሥር የተዛቀ ነው። ያ ስስ የላይኛ ሽፋን ለመፈጠር ብዙ ትውልድ የሚፈጅ ነው። ከተዳፋት ላይ ሲዛቅ የቀረውን ክረምቱ አጥቦ ይወስደዋል። አዲስ የሚበቅለው ችግኝም ማረፊያ ያጣል። አንድ ተራራ ላይ ችግኝ እየተከልን ከሌላው ላይ ለአበባ ማሰሮአችን አፈር ማዛቅ እርስ በርሱ የሚጣላ ሥራ ነው። ገዢ ከሌለ የሚዝቅ አይኖርም። ይህን ያህል ቀጥተኛ ነው።

ምትኩ ቤታችን ውስጥ አለ፤ በየቀኑም እንጥለዋለን። ከአዲስ አበባ ቤቶች የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት። ይህ ሁሉ በፌስታል ታስሮ ለዓመታት የሄደው ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከክምሩ ሥር በላስቲክና በቆርቆሮ ቤት የሚኖሩ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት። ያ ክምር ከእያንዳንዳችን ኩሽና የሄደ ነው። አየር በሌለበት የሚበሰብስ የምግብ ትርፍራፊ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያመነጫል። ሚቴን ደግሞ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ አየሩን ያሞቃል። አየር እያገኘ ግቢያችን ውስጥ ሲበሰብስ ግን ሚቴኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ የሚተርፈንም ጥቁር አፈር ነው።

ኮምፖስት ማዘጋጀት የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ጥላ ያለበት ጥግ ይበቃል። እርጥቡን የኩሽና ነገር አንድ እጅ፣ ደረቅ ቅጠልና ገለባ ሁለት ሦስት እጅ እያደረጉ ማነባበር ነው። በየመሀሉ ትንሽ አፈር ወይም ፍግ ጣል ይደረግበታል። እርጥበቱ በእጅ ሲጨመቅ ጠብ ጠብ የማይል፣ ግን እጅን የሚያረጥብ ይሁን። በሁለት ሳምንት አንዴ ማገላበጥ። የሚሸት ከሆነ እርጥብ በዝቶበታል ማለት ነው፤ ደረቅ ቅጠል ጨምሩበት። ምንም ለውጥ ከሌለው ደርቋል ወይም እርጥብ ነገር አንሶታል። የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ሥራው ዘግየት ይላል፤ ሦስት አራት ወር መጠበቅ ነው።

ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት የበዛበት ወጥ አይግባ፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። የሻገተ እንጀራ ይገባል፤ ተቆራርሶ ከደረቅ ነገር ጋር ይቀላቀል እንጂ በአንድ ላይ አይቆለል፤ ይላቁጣል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ትንሽ ብቻ ይግባ። የጫት ገረባ በየሰፈሩ በብዛት አለ፤ ነገር ግን ጫት ላይ የሚረጨው መድኃኒት ስለሚያሰጋኝ እኔ ለሚበላ አትክልት አላደርገውም። አመድ በልክ ጥሩ ነው፤ በተለይ ወደ እንጦጦ በኩል ላለው ቀይና ኮምጣጣ አፈር። ዋልካ ላይ ግን አያስፈልግም።

ደረቅ ቅጠል ከየት ይመጣል ለሚል ሰው የበዓል ማግስትን አስታውሳለሁ። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ፤ በየቤቱ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። በማግስቱ ተጠራርጎ ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። ያ ቄጠማ ከረግረግ መሬት ታጭዶ የመጣ ነው፤ መጣሉ ሁለት ጊዜ ማባከን ነው። ኮምፖስቱ ውስጥ ከእሱ የተሻለ ነገር አይገኝም።

ከዚህ ጋር ኅዳር 12 አለ። ኅዳር ሲታጠን በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በፈጀበት ጊዜ የተተከለ ልማድ ነው። ያኔ የሚቃጠለው ቅጠል፣ ሣርና ጨርቅ ነበር። ዛሬ ቅጠሉ መሀል ፌስታል፣ የጫማ ሶልና የኤሌክትሪክ ሽቦ ልጣጭ አለ። የዚያን ዕለት ምሽት ከተማዋ በጭስ ትታፈናለች፤ አስም ያለበት ሰው ቤት ሲዘጋጋ ያመሻል። ልማዱን አከብራለሁ። አካባቢን ከበሽታ ለማጽዳት የተጀመረ ነገር ነው። ቤትና ግቢን ጠራርጎ ቅጠሉን ለኮምፖስት ማስቀመጥ፣ ፕላስቲኩን ለይቶ ለሰብሳቢ መስጠት የልማዱን ዓላማ የሚያፈርስ አይመስለኝም። ኅዳር ደግሞ ቅጠል የሚረግፍበት፣ ሣር የሚደርቅበት ወር ስለሆነ ለመጀመር ከእሱ የተሻለ ጊዜ የለም።

ኮምፖስት የድሃ ማዳበሪያ ነው፣ ምርት አይሰጥም የሚል አለ። ለዚህ መልሱ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ ውስጥ ተሰጥቷል። የአካባቢ ጥበቃ ሳይንቲስቱ ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከአካባቢው አርሶ አደሮችና ከግብርና ባለሙያዎች ጋር ሆነው በተራቆተ መሬት ላይ ኮምፖስትን አስፋፉ። ከማሳው የተሰበሰበው ምርት ሲለካ ኮምፖስት የገባበት መሬት የኬሚካል ማዳበሪያ ከገባበት ጋር እኩል ወይም የበለጠ ሰጠ። አርሶ አደሩ ለማዳበሪያ ከሚገባበት ዕዳም አረፈ። እንዲያ በተጎዳ መሬት ላይ የሠራ ነገር አምስት መደብ ጎመን ላይ አይሠራም ማለት አይቻልም።

ዩሪያ ለጓሮ አያስፈልግም ባይ ነኝ። የሚጠቀም ካለ ግን መጠኑን ይወቅ። በሄክታር ሁለት ኩንታል ብዙ የሚባል ነው። ይህ በካሬ ሜትር 20 ግራም ብቻ ይሆናል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ጓሮ ውስጥ ግን ሰው በእፍኝ ነው የሚበትነው። ተክሉ ያልወሰደው ይታጠባል። ታጥቦ የት ይሄዳል? የአዲስ አበባ ጅረቶች ወደ ትልቁና ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ። ሁለቱ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽ ወደ ቆቃ። በአባ ሳሙኤልና በቆቃ ውኃ ላይ የተንሰራፋውን እምቦጭ የሚያወፍረው በውኃው ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። አብዛኛው ከፍሳሽ፣ ከፋብሪካና ከእርሻ የሚመጣ ነው። የጓሮዎች ድርሻ ትንሽ ነው፤ እሱን መቀነስ ግን በእጃችን ያለ ብቸኛው ክፍል ነው።

እዚሁ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ጅረት አጠገብ ያለ ሰው ያንን ውኃ ለአትክልት አይጠቀም። ከአቃቂ ወንዝ በተጠጣ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። እነዚህ በማጠብም በማብሰልም አይለቁም። ጓሮአችን ጎመን እንድናበቅል ከሚያደርጉን ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ መልሰን በዚያው ውኃ ማጠጣት ትርጉም የለውም።

መርዝን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው። ቤት ግቢ ውስጥ መርዝ መግባት የለበትም። ገበያ ላይ ምንነቱ ያልተጻፈበት መድኃኒት በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ይሸጣል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ይህ ከአካባቢ ጥያቄ በፊት የሕይወት ጥያቄ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ገዢው ግን የሚገዛውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። መርዙ ደግሞ የሚለየው ነገር የለም። ጎመን ላይ ያለውን ክሽክሽ ሲገድል ክሽክሹን የምትበላውን ቀይ ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ጥንዚዛም ይገድላል። ክሽክሹ ቶሎ ይመለሳል፤ ጥንዚዛዋ ዘግይታ ነው የምትመጣው። ከዚያ ሌላ ርጭት ይፈለጋል። ንብም አለች። አበባ ላይ የተረጨ መርዝ ቀፎ ድረስ ይሄዳል። በአፍሪካ በማር ምርት አንደኛ የሆነች አገር ንብዋን በጓሮ መርዝ መግደል አይገባትም።

ለክሽክሽ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ምሽት ላይ ቅጠሉን ከሥር መርጨት በቂ ነው። የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ውኃ ውስጥ አሳድሮ አጥልሎ መርጨትም ብዙ ተባይ ያባርራል። ለቀንድ አውጣ ምሽት ላይ ባትሪ ይዞ መልቀም ነው። ዶሮ ያለው ሰው ሥራው ቀሎለታል፤ መደቡ ባዶ በሆነ ጊዜ ይልቀቃቸው። ኩሳቸው ግን ትኩስ እንዳለ ሥር ላይ ከተደረገ ያቃጥላል፤ በኮምፖስቱ በኩል ይምጣ።

ከሁሉም የሚያስደስተኝ ክፍል የዕፅዋቱ ምርጫ ነው። ኢትዮጵያ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች አሏት፤ አንድ አሥረኛ ያህሉ ከዚህ ውጪ የትም የሉም። ይህን ይዘን ግቢዎቻችን ግን እርስ በርሳቸው ተመሳስለዋል። የፈረንጅ ጽድ አጥር፣ ጥቂት ዘንባባ፣ ጽጌረዳ፣ ሣር። አጥር ለሚፈልግ ሰንሰል አለ፤ ጎጃምና ጎንደር ስሚዛ የሚሉት። ከቅርንጫፉ ቆርጦ መሬት ውስጥ መሰካት ብቻ ነው። ነጭ አበባው ንብ ይስባል። ጌሾም አጥር ይሆናል፤ ጠላና ጠጅ ለሚጥል ቤት ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው። እሾህ የሚሻ ሰው ቀጋ ይትከል፤ የራሳችን ጽጌረዳ ነው፣ ቀይ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። ግራዋ ቶሎ ያድጋል፤ ቅጠሉ ለጋን ማጠቢያ፣ አበባው ለንብ፣ የረገፈው ለአፈር። ጥግ ላይ ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ፣ ኮሰረትና በሶብላ ቢኖር አነስተኛ ውኃ ጠጥተው ለቡናውም፣ ለቅቤውም፣ ለምቹም ይደርሳሉ።

አደይ አበባ ሲኖር ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምነው። መስቀል እንዳለፈ አትጨዱት። ዘሩ እስኪበስልና እስኪረግፍ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቆዩት። በሚቀጥለው መስከረም ያለ ማንም ድካም ራሱ ይበቅላል። ሬት የተተከለበት ግቢ ደግሞ የአበባ ማር የሚመጥጡት ቀጭን ጎባጣ ምንቃር ያላቸው ወፎች ይመጡበታል። ዛፍ በበዛባቸው የከተማዋ ሰፈሮች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የማትገኘዋ ባለ ጥቁር ክንፍ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ዛሬም ትታያለች። ፍሬና ጎጆ ቦታ ካገኘች ትቆያለች።

መጤ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ኮክ፣ ፕሪምና ድንች ከውጭ መጥተው ቤተሰብ ሆነዋል። አደገኛው ከግቢ አምልጦ የሚወጣው ነው። የወፍ ቆሎን ተመልከቱ። ለውበቱና ለአጥርነቱ ተብሎ የመጣ ቁጥቋጦ ነው። ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን አዳረሰችው። ዛሬ ድሬዳዋና ሐረርጌ አካባቢ የግጦሽ መሬት ወርሯል፤ ለከብትም መርዝ ነው። እምቦጭ ራሱ ወደ ብዙ አገር የገባው አበባው ስላማረ ነው። ችግኝ ስትገዙ ሻጩን ስሙን ጠይቁት። ስሙን የማያውቀውን ተክል አለመግዛት ጥሩ ልማድ ነው። ጥቁሩን የችግኝ ላስቲክ ደግሞ ቀዳችሁ አውጡት እንጂ አብራችሁ አትቅበሩት። ፌስታል በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተከልክሏል፤ ይህኛው ላስቲክ ግን አሁንም በየጉድጓዱ እየተቀበረ ነው።

ይህ ሁሉ አዲስ እውቀት አይደለም። የጌዴኦ ሰው ዛፉን ከላይ፣ ቡናውን ከመሀል፣ እንሰቱን አብሮ፣ ጎመንና ሥራሥሩን ከታች አድርጎ በአንድ ጓሮ ያኖራል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ለዚህ አኗኗር ክብር ነው። የጉራጌ ቤት ጓሮም የበረቱን ፍግ ለእንሰቱ እየመለሰ ያለ ኬሚካል ትውልድ መግቧል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ተመራማሪ ዘመደ አስፋው የኢትዮጵያን የጓሮ እርሻዎች ለዓመታት ያጠኑት እነዚህ ጓሮዎች የምግብም የዝርያም ጎተራ ስለሆኑ ነው። በእነዚያ ጓሮዎች በር የሚገባው ነገር ጥቂት ነው። የሚወጣው ምርት ነው።

ከተማ ላይ ያለው ትልቅ እንቅፋት ቦታና ባለቤትነት ነው። ተከራይ ሆኖ የሚኖር ሰው ነገ ለሚለቀው ግቢ ወይራ አይተክልም፤ አልፈርድበትም። ኮምፖስት በባልዲ ግን አብሮት ይሄዳል። ከታች የተበሳ የቀለም ባልዲና ክዳን በረንዳ ላይ ይቆማል። ጤና አዳምና በሶብላ በጣሳ ይበቅላሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ በብሎኮቹ መሀል ያለው ባዶ መሬት የጋራ ነው። ብዙ ቦታ ወይ ተለስኗል ወይ ቆሻሻ ወድቆበታል። እዚያ ላይ የሚወስነው የነዋሪዎች ማኅበር ስለሆነ ነገሩ መነሳት ያለበት በስብሰባ ነው። የሁሉም ቤት ልጣጭ በአንድ ቦታ ቢበሰብስ ጥቂት አባወራ የሚያለማው መሬት ይሞላል። ማን ያገላብጣል የሚለው ግን አስቀድሞ ካልተወሰነ ሥራው በሁለተኛው ወር ይቆማል። ለጥበቃው ወይም ለጽዳት ሠራተኛዋ ትንሽ ክፍያ ጨምሮ ኃላፊነቱን መስጠት ከበጎ ፈቃድ ይልቅ ይዘልቃል ብዬ አምናለሁ።

ባለ ግቢ የሆነ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመር አይጠበቅበትም። እኔ ብመርጥ ከኮምፖስቱ እጀምራለሁ፤ ብር አይጠይቅም፣ የጫካ አፈሩን፣ ዩሪያውንና የቆሻሻ ከረጢቱን በአንዴ ይቀንሳል። ኅዳር ላይ የተከመረ ክምር መጋቢት ላይ ይደርሳል፤ የበልግ ዝናብ ከመጣ ለጎመንና ለድንች መደብ ይውላል። ጉዝጓዙ ከጥቅምት ጀምሮ ይዘርጋ፣ አፈሩ የክረምቱን እርጥበት ሳይለቅ። አሸንዳው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይጠረግ፤ የሮቶው ውስጥም እንዲሁ ይታጠብ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርድ ወደ ውጭ ይፍሰስ፤ ከሁለተኛው በኋላ ይቀዳ። የዛፍ ጉድጓድ ግንቦት ላይ ተቆፍሮ፣ ከላይ የወጣው አፈር ለብቻው ተቀምጦ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ኮምፖስት ተቀላቅሎበት ችግኙ ቢተከል፣ እስከ መስከረም ሥር ለመስደድ ሙሉ ክረምት ያገኛል።